ጎማው ወይስ ስፖንጁ? ከጆሮ እየወደቀ ስላስቸገረው ማዳመጫ

እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ አንድ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ከጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብሎ በስልኩ መብራት ወለሉን ሲያስስ ቢታይ ዛሬ ዛሬ «ምን ጠፋብህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። አጠገቡ ያሉት ወንበራቸውን ገፋ አድርገው አብረውት ይፈልጋሉ። የጠፋው ነገር የታወቀ ነው፤ ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማይበልጠው ገመድ አልባው የጆሮ ማዳመጫ ነው። ቀድሞ ማዳመጫ ገመድ ነበረውና ከጆሮ ቢያመልጥ እንኳ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። አፕል ኤርፖድ የተባለውን በ2016 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ካቀረበና ሌሎቹም በብዛት ከተከተሉት ወዲህ ግን፣ አንዱ ከጆሮ ካመለጠ መድረሻው ወለል፣ የመኪና መቀመጫ ሥር፣ ሲከፋም የሜትሮ ባቡር ሐዲድ ነው።

ብዙው ሰው ጥፋቱን በዕቃው ወይም በራሱ ጆሮ ላይ ያደርጋል። «የእኔ ጆሮ ለዚህ አልተፈጠረም» ብሎ ወደ መሳቢያ የሚወረውረው አለ። ሌላ የሚገዛም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛዋ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ ናት፤ እሷን ለመለወጥ ደግሞ አዲስ ማዳመጫ መግዛት አያስፈልግም።

ሜሪላንድ የሚኖሩ አንዲት እናት የደረሰባቸው ይህንኑ ያሳያል። ሴትዮዋ በአንድ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል የሌሊት ተረኛ ናቸው። ታላቅ እኅታቸው ደሴ ይኖራሉ። እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ በብርዱ ወራት የአሜሪካ ሰዓት ሲቀየር ደግሞ 2 ሰዓት ይሆናል። እናም የእረፍት ሰዓት ሲደርስ እኅትዮዋ ደሴ ቡና ላይ ተቀምጠው፣ እሳቸው እዚህ የአንሶላ ክምር ተደግፈው ለዓመታት ሲያወሩ ኖረዋል። ልጆቻቸው ገመድ አልባ ማዳመጫ በገዙላቸው ጊዜ ግን ችግር መጣ። የግራው ደህና ተቀመጠ። የቀኙ አልቀመጥ አለ። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ይንሸራተታል፤ አንድ ሌሊትማ ከፎጣ ጋር ተጠቅልሎ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ሊገባ ሲል የሥራ ባልደረባቸው ለጥቂት ደረሰችላቸው።

ከመውደቁ የባሰው ድምፁ ነበር። የእኅታቸው ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ቀጠነባቸው። የማሽኑ ጩኸት ሲጨመርበት ቃሉ አልለይ አለ። ስለዚህ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጉታል፤ እሳቸውም ይጮኻሉ። ጠዋት ቤት ገብተው ጋደም ሲሉ ጆሯቸው ውስጥ ጭው የሚል ነገር ይሰማቸው ጀመር። «እርጅናው መጣ መሰለኝ» አሉ ለልጆቻቸው። በሰማንያ ዶላር ሌላ ማዳመጫ ገዙ፤ ያው ሆነ።

ነገሩን የተረዳው ስልክ የሚጠግን አንድ የሠፈር ልጅ ነበር።

— እትዬ፣ እስቲ ዘፈን ይክፈቱና ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ እንዳለ በጣትዎ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይጫኑት።

ተጫኑት።

— አሁንስ?

— ውይ! ወፈረ'ኮ ድምፁ!

— በቃ፣ ዕቃው አልተበላሸም። ጆሮዎም አላረጀም። አየር እያስወጣብዎት ነው።

ስለ ጆሯቸው የተናገረው እንኳ የሐኪም ሥራ ነበር፤ ጭውታው አልለቅ ያለው ሰው መታየት ያለበት በጆሮ ሐኪም ነው። ስለ ማዳመጫው ግን ልጁ ልክ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውጭ እስከ ታምቡሩ ያለው የጆሮ ቱቦ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስፋቱ በአማካይ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ውኃ ቧንቧ ቀጥ ያለና ድቡልቡል አይደለም። ጠመም ጠመም ይላል፤ አፉም ሞላላ ነው። የአንድ ሰው የቀኝና የግራ ጆሮ እንኳ መንታ አይደሉም። በዚያ ላይ የቱቦው የውጭኛው ክፍል ለስላሳ አጥንት ስለሆነ መንጋጋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቅርጹ ይለወጣል። ዝም ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው የተቀመጠው ማዳመጫ ማውራት ወይም ማላመጥ ሲጀመር ሾልኮ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ፋብሪካው ከዕቃው ጋር የሚሰጠው የሲሊኮን ጎማ እንደ ደወል የተቀረጸ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ሆኖ ይመጣል። ጎማው ድቡልቡል ነው፤ ጆሮው ሞላላ። በመካከላቸው የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረ ወፍራሙ ድምፅ፣ ባስ የሚባለው፣ በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ይጠፋል። ማዳመጫው ውስጥ ያለችው ድምፅ ማጉያ እጅግ ትንሽ ስለሆነች ባስ ልታሰማ የምትችለው የታጠረ አየር ስታገኝ ብቻ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ይቀራል፣ ወፍራሙ ይሄዳል። በዚያው ቀዳዳ ደግሞ የውጭ ጫጫታ ይገባል። የውጭ ድምፅ ያጠፋል የሚባለው ውድ ማዳመጫም ቢሆን ጫፉ ካልገጠመ ገንዘቡ በከንቱ ነው፤ ኤሌክትሮኒኩ በደንብ የሚያጠፋው እንደ አውሮፕላን ሞተርና እንደ ማሽን ያለውን ወፍራም ጉምጉምታ ሲሆን ቀጭን ቀጭኑን ጫጫታ የሚያስቀረው በአብዛኛው የጫፉ ድፍንነት ነው።

እዚህ ላይ ነው ስፖንጁ የሚመጣው። ስፖንጅ ሲባል የዕቃ ማጠቢያው አይደለም። ሲጨመቅ ተጨምቆ የሚቆይ፣ ሲለቀቅ ቀስ እያለ ወደ ቅርጹ የሚመለስ፣ የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ የሚለሰልስ ዓይነት ነው። የዛሬ ፍራሽና ትራስ የሚሠራበት ይኸው ዓይነት ስፖንጅ በ1966 ቻርልስ ዮስት በተባለ መሐንዲስ የተገኘው ለናሳ የአውሮፕላን መቀመጫ ሲጠና ነው። በዓመቱ፣ በ1967፣ ሮስ ጋርድነር የተባለ ሌላ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ጥሬ ዕቃው ለየት ያለ፣ ጠባዩ ግን ተመሳሳይ የሆነ ነገር አገኘ። ከዚያ የተሠራው ቢጫው የጆሮ መሰኪያ በ1972 ለገበያ ቀረበ። በፋብሪካና በግንባታ ቦታ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኤቲሞቲክ የተባለው ኩባንያ በ1991 ያወጣው የጆሮ ውስጥ ማዳመጫ ያኔውኑ የስፖንጅ ጫፍ ነበረው። ዛሬ ኮምፕላይ የተባለው የሚኔሶታ ምርት በዚህ ሥራ በሰፊው ይታወቃል። ትልልቆቹም ተከትለዋል፤ ሶኒ በ2021 ያወጣው ኤክስ ኤም 4 ማዳመጫ ከፋብሪካው የመጣው በስፖንጅ ጫፍ ነው፤ አፕልም በ2025 ኤርፖድ ፕሮ 3ን ሲያወጣ ጎማው ውስጥ ስፖንጅ ጨምሮ በአምስት መጠን አቅርቦታል።

የስፖንጁ ጥቅም በአጭሩ ይህ ነው፤ ጎማው ጆሮን «እንደ እኔ ሁን» ይላል፣ ስፖንጁ ግን እሱ ራሱ እንደ ጆሮው ይሆናል። የጠመመውን ጠምሞ፣ ሞላላውን ሞልቶ ይይዛል። ላብ ሲመጣም እንደ ሲሊኮን ቶሎ አይንሸራተትም።

ገበያ ሲወጣ ግን ሰው የሚሳሳተው ብዙ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ስፖንጁ ለሁሉም ማዳመጫ ይሆናል ብሎ ማሰብ ነው። ስፖንጁ የሚሰካበት የማዳመጫው አንገት እንደየሥሪቱ ይለያያል፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚጀምር ቀጭን አለ፣ ወደ 6 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ወፍራም አለ፣ ሞላላም አለ። የኤርፖድ ፕሮ ጫፍ ቀጭ ብሎ የሚገጥም የራሱ መያዣ ስላለው የሌላ ማዳመጫ ጫፍ አይቀበልም። ተራው ኤርፖድ ደግሞ ከነጭራሹ ጎማ የለውም፤ ስፖንጅ የሚሰካበት ቦታ የለውምና ሻጩ የፈለገውን ቢል ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ስለሆነም ሸማቹ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት በቻርጅ ሣጥኑ ወይም በስልኩ ላይ የማዳመጫውን ሙሉ ስምና ቁጥር ጽፎ መያዝ ይገባዋል። «የሳምሰንግ ነው» ማለት አይበቃም፤ የሳምሰንግ ማዳመጫ ጎማ ያለውም የሌለውም አለ። አንገቱ ላይ ሰፍቶ የገባ ስፖንጅ ማዳመጫው ሲወጣ ጆሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ይህ ከደረሰ በወረንጦ ወይም በክብሪት እንጨት መጎርጎር ስፖንጁን ወደ ታምቡር መግፋት ነው፤ ክሊኒክ ሄዶ ማስወጣት ነው የሚሻለው።

ሁለተኛው ስሕተት ስለ መጠን ነው፤ ይህ ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል። ማዳመጫው የሚወድቅበት ሰው ወዲያው የሚያስበው ትልቁን መግዛት ነው። ትልቁ ስፖንጅ ግን ጠባብ ጆሮ ውስጥ ጠልቆ ስለማይገባ ደጃፉ ላይ ይቀመጥና በራሱ ጉልበት ተገፍቶ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ስላነሰ ሳይሆን ስለበለጠ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ሦስቱም መጠን በአንድ ላይ የታሸገበትን ቢገዛና በመካከለኛው ቢጀምር ይሻለዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጆሮው ውስጥ ግፊት ወይም ሕመም ከተሰማው ወደ ትንሹ ይውረድ። ሕመም ከሌለ፣ ነገር ግን ራሱን ሲነቀንቅና ሲያላምጥ የሚላላ ከሆነ ወደ ትልቁ ይውጣ። ለቀኝ መካከለኛ፣ ለግራ ትንሽ ማድረግ ነውር አይደለም። እንዲያውም የብዙ ሰው ትክክለኛ ልክ ይኸው ነው፤ ሰው ግን ጫማ ጥንድ ስለሆነ ጆሮም ጥንድ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ሣጥኑ ነው። ስፖንጁ ረዝሞ ከሆነ ማዳመጫው ሣጥኑ ውስጥ በደንብ አይቀመጥም፤ ክዳኑ ገርበብ ይላል ወይም ደግሞ ተዘግቶ ሳለ ቻርጅ አያደርግም። ጠዋት ሥራ ሲሄድ አንደኛው ጆሮ ባትሪ የሌለው ሆኖ የሚያገኘው ሰው «ተበላሸ» ከማለቱ በፊት ይህን ይመልከት። ለገመድ አልባ ተብሎ የሚሸጠው ስፖንጅ አጠር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከድሮው የገመድ ማዳመጫ የተረፈው ግን አይሆንም። ስፖንጁን ከገዙ በኋላ መጀመሪያ የሚሞከረው በጆሮ ሳይሆን በሣጥኑ ነው።

እኚያ እናት ከዚህ ሁሉ አልፈው ትክክለኛውን ገዙ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ ተቆጥተዋል።

— አንተ ልጅ፣ ይኼም ወደቀ!

— እንዴት አድርገው ነው የሚያስገቡት?

እንደ ጥጥ ወሸቅ አድርገው አሳዩት። ስፖንጅ እንዲህ አይገባም። በሁለት ጣት መካከል ተይዞ እንደ ክር እየተፈተለ ይጨመቃል፤ እጥፋት እንዳይኖረው ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። ከዚያ ሳይነፋ በፍጥነት ወደ ጆሮ ነው። በሌላው እጅ በራስ በኩል ዞሮ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ የጠመመውን ቱቦ ያቃናዋል። ማዳመጫው ከገባ በኋላ ስፖንጁ ነፍቶ እስኪሞላ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ያህል በጣት ደገፍ አድርጎ መያዝ ነው። ችኩል ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ብርድ ላይ ሲሆን ስፖንጁ ስለሚደርቅ ትንሽ እጅ ውስጥ ማሞቅ ይረዳል። ሲወጣም በኃይል አይጎተትም፤ ቀስ ብሎ እየተጠመዘዘ ይወጣል። በትክክል ከገባ በኋላ በጣት ሲጫኑት ድምፁ የማይለወጥ ከሆነ ገጥሟል ማለት ነው። ኤርፖድ ፕሮ ያለው ሰው ከዚህ በተጨማሪ ስልኩ ውስጥ የጫፉን ልክ የሚመረምር መሣሪያ ያገኛል።

ስፖንጅ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ያረጃል። ሲሊኮን ለዓመታት ሲያገለግል ስፖንጁ በየቀኑ ለሚጠቀም ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው ዕድሜው፤ ሲጨመቅ ወዲያው የሚነፋ ወይም ጨርሶ የማይነፋ ከሆነ አልቋል። ይህ ወጪ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው በሲሊኮኑ ሌላ መጠን ሞክሮ ቢያገኝ ይሻለዋል። ስፖንጅ ኩክና ላብ ይጠጣል። የአፍሪካ ሰው ኩክ በአብዛኛው እርጥብና የሚያጣብቅ ዓይነት ስለሆነ ይህ ለሐበሻ ጆሮ ቀላል ነገር አይደለም። ጽዳቱ በረጠበ ጨርቅ መጥረግና እስኪደርቅ ከሣጥኑ ውጭ መተው ነው፤ አልኮል ስፖንጁን ይጎዳዋል። ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ስፖንጅ መጋራት አይገባም፤ ጆሮው የሚመግል ወይም ታምቡሩ የተቀደደ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምንም ነገር ጆሮው ውስጥ ባይሰካ ይመረጣል። ሕፃን ባለበት ቤት ስፖንጁ ከወለል ላይ ይራቅ፤ ልክ አፍ የሚገባ መጠን ነው።

ጆሮ ሲደፈን የራስ ድምፅ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ማሰሮ ይጮኻል፤ እርምጃና ማላመጥም እንዲሁ። ስፖንጅ አድርጎ ቆሎ የሚበላ ሰው ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ስልክ የሚያወራ ሰው የውጭ ድምፅ አስገቢውን ቢከፍት ይህ ይቀልለታል።

የመንገዱ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ከወገን ብዙው የሚተዳደረው በመሪ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ አምቡላንስንም ይደፍናል። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂንያ ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ ደፍኖ መኪና መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ካሊፎርኒያም እንዲሁ። አንድ ጆሮ ብቻ ወይም የመኪናውን ድምፅ ማጉያ መጠቀም ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ወይም በፋብሪካ የሚሠራም ሰው ስፖንጅ ያለው ማዳመጫ የሥራ ቦታውን የጆሮ መሰኪያ ይተካል ብሎ እንዳይታለል። የመሰኪያው ማሸጊያ ላይ ኤን አር አር የሚል ቁጥር አለ፤ የቢጫው ለምሳሌ 29 ነው። ያ ቁጥር የጩኸት መከላከል ችሎታው ተለክቶ የተመዘገበ መሆኑን ያሳያል። ቁጥሩ የሌለው ማዳመጫ ሙዚቃ ማዳመጫ ነው እንጂ መከላከያ አይደለም።

የስፖንጁ ትልቁ ጥቅም ግን ከመውደቅ ማዳኑ ሳይሆን ድምፅ ማስቀነሱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10 ሰዓት፣ 89 ላይ 5 ሰዓት። የሌሊት ተረኛ ግን በአንድ ፈረቃ ብቻ 8 ሰዓት ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሊውል ይችላል። አይፎን ያለው ሰው ስንት ዴሲቤል እየሰማ እንደሆነ ጤና የሚለው ፕሮግራም ውስጥ ማየት ይችላል። ጫፉ ገጥሞ የማሽኑ ጩኸት ከቀነሰ ደግሞ ድምፁን ወደ ላይ መግፋት አያስፈልግም፤ ከጩኸት የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ሴል ተመልሶ አይበቅልምና።

እናትየዋ ለቀኝ ትንሹን፣ ለግራ መካከለኛውን ይዘው ሄዱ። ድምፁ ከግማሽ በላይ ሳይወጣ የደሴው ቡና ሲቀዳ መስማት ጀመሩ። ጆሯቸውንም አስመረመሩ። እኅትየዋ ግን ሦስት ቀን በተከታታይ «ምነው፣ አሞሻል እንዴ? ድምፅሽ ዝቅ አለብኝ» እያሉ ሲጨነቁ ሰነበቱ፤ ለዓመታት የለመዱት ጩኸቱን ነበር። አሁን በሣጥኑ ክዳን ላይ በትንሽ ወረቀት የሚቀጥለው ስፖንጅ የሚለወጥበት ቀን ተለጥፏል። የጻፉት በሐበሻ አቆጣጠር ነው።